ያልታጨደው እኩሌታ

ጎንደር ሄጄ ግንቡ ውስጥ ሳልገባ መመለሴን ስናገር ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። ሐዘኑ አያስፈልግም። ግንቡን ከውጭ አይቼዋለሁ፤ ትልቅ ነው፣ ቆሟል። እኔ ግንብ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች ምሳ ምን እንደ በሉና ምሳውን ማን እንዳመረተው ነው። አስጎብኚዎች ይህን ጥያቄ አይወዱትም። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር መባቻ፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን፣ ድንጋዩን ለወዳጆቹ ትቼ እህሉን ላይ ሄድሁ። የምጽፈውም ወደዚያ ለማይሄዱ ሰዎች ነው፤ ማለትም ለአብዛኞቻችን።

የመጀመሪያው ቀን

ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከኮተቤ ቤቴ እስከ አውሮፕላን ጣቢያው ለመድረስ ከዚያ የበለጠ ፈጅቶብኛል። ከመስኮቱ ወደ ታች ሳይ ከፍ ያለው አገር ቢጫ፣ ዝቅ ያለው ገና አረንጓዴ ነበር። አንዱ ሊታጨድ ሌላው ሊያብብ። እኛ ዘንድ ወቅት የሚታወቀው በሽንኩርት ዋጋ ነው።

አዘዞ፣ አውሮፕላን ጣቢያው ላይ፣ የተቀበለችኝ ትዕግሥት ናት። ጎንደር ከተማ ባዮሎጂ የምታስተምር የቆየች ወዳጄ ስትሆን፣ ወላጆቿ ከዳባት በላይ የሚኖሩ ገብስ አራሾች ናቸው። ጽጌን ትጾማለችና ቤቷ ስደርስ ያቀረበችልኝ ስልጆ ነበር፤ ከባቄላ ዱቄት ተፈልቶ በሰናፍጭ የሚብላላ፣ ኮምጠጥ ያለ የጾም ወጥ። አዲስ አበባ ውስጥ ስልጆ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ አስተናጋጁ የምግብ ዝርዝሩን ገልብጦ ጀርባውን ያይልኛል። እዚህ በሰፌድ ሙሉ እንጀራ መጣ። በችኮላ በላሁና ሰናፍጩ አፍንጫዬ ላይ ወጣ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ትዕግሥት በመስተንግዶዋ ልቤ የተነካ መስሏት አቀፈችኝ። እኔም አላረምኋትም።

ገና እጃችንን ሳንታጠብ ስልክ ተደወለ። እናቷ ነበሩ። ትዕግሥት ስታወራ ፊቷ ሲለወጥ አየሁና ስትጨርስ ጠየቅኋት። ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ መጨረሻ አባቷን በሬ ረግጦ እግራቸውን ሰበራቸው። ሁለቱ ወንድሞቿ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደዋል። ገብሱ ደርሷል፤ ደርሶም ቆሟል። ገብስ ደግሞ ከደረሰ በኋላ አይጠብቅም፤ አንገቱን ሰብሮ ይረግፋል። ጎረቤት እንርዳ ቢል አባቷ እምቢ ብለዋል። ያ ማሳ ካልገባ ቤቱ እስከ መጪው መስከረም በሸመታ ሊኖር ነው፣ ዘሩም የሚገኘው ከዚያው ነው።

«ታዲያ ለምን እምቢ ይላሉ?» አልኋት።

«አባቴን ስታይው ይገባሻል» አለችኝ። እሷ ከማስተማር የምትለቀቀው ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ ጉዟችን ለሦስተኛው ቀን ተቆረጠ።

ሁለተኛው ቀን

ትዕግሥት ትምህርት ቤት ስትውል እኔ ብቻዬን ወደ ማክሰኝት ወረድሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ክፍት ቦታ አገኘሁ ብዬ የተቀመጥሁት ጆንያ ላይ ነበር፤ ጆንያው በርበሬ መሆኑን ያወቅሁት መኪናው የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲመታ ነው። እኔ ካነጠስሁ በኋላ ሹፌሩ አነጠሰ፤ ከዚያ ሁሉም። የበርበሬው ባለቤት፣ አንዲት ወይዘሮ፣ እኔን ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ በርበሬዋ ምን ያህል ኃይለኛ እንደ ሆነ ለተሳፋሪው መሰከረች። ገበያ ሳትደርስ ሩቡን ሸጠችው።

ማክሰኝት ዳር ያለው መሬት ጥቁር ነው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ ይከርምና ዝናቡ ሲወጣ ይሰነጠቃል። አገሬው ሽምብራ የሚዘራው ያኔ ነው፤ ሁሉም ሰው ዝናብ አለቀ ብሎ ሲያዝን። እኔ ስደርስ ቡቃያው ከስንጥቁ መሀል ብቅ ብሎ፣ አንድ ጠብታ ከሰማይ ሳይወርድለት፣ ያበራል። ማሳው ዳር ያገኘኋቸው ሽማግሌ ሽምብራ እንዲያውም ዝናብ ከነካት ትቆጣለች አሉኝ። ያደገችው መሬት ያስቀመጠላትን እየቆጠበች ስለሆነ ድንገተኛ ስጦታ አትወድም። ከሰዎች መሀል እንዲህ ያሉትን አውቃለሁ አልኋቸውና ሳቅን። ከእነዚያ ሰዎች አንዱን በማግስቱ እንደማገኝ አላወቅሁም።

ሦስተኛው ቀን

ከጎንደር ወደ ዳባት ሽቅብ ነው፤ ብርዱም አብሮ ይወጣል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጎማ ተነፈሰና ቆምን። መለዋወጫው ጎማ ከተነፈሰው ይብስ ስለነበር ሹፌሩ ሌላ ሊፈልግ ሄደ። መንገድ ዳር ካለው ቤት አንዲት ሴት ወጥታ፣ እኛን ከቆጠረች በኋላ ተመልሳ ገባችና በቁና የተቆላ ገብስ ይዛ መጣች። ውኃ ደግሞ በጆግ። ልንከፍል ብንል ተቆጣች። «ጎማ የተነፈሰበት ሰው ገበያተኛ ነው እንዴ?» አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ጎማ የተነፈሰበት ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የትራፊክ ፖሊስ ነው።

ከዳባት አለፍ ብለን ወረድንና በእግር ገባን። የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ ጎብኚ እንዳይበዛባት። ዙሪያው ሁሉ ገብስ ነው፣ ግማሹ ታጭዶ ተከምሯል፣ ሌላው እየታጨደ ነው። አንድ ማሳ ግን ሙሉ ቢጫውን እንደ ቆመ ነው። ጥጉ ላይ ብቻ የተበላች ቁራሽ የምታህል ቦታ ታጭዳ ትታያለች። እዚያ ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ መሬት ተቀምጠዋል። ከሥራቸው የበግ አጎዛ አለ፤ ወጌሻ በቀርከሃ ስንጥቅ ያሰረላቸው እግር ወደ ፊት ተዘርግቷል። አንድ ጭብጥ ገብስ ያጭዳሉ፣ ወደ ኋላ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ተደግፈው አጎዛውን አንድ ስንዝር ይጎትቱና እንደገና ያጭዳሉ።

እኒህ አያ ቢያድግልኝ ናቸው፣ የትዕግሥት አባት።

«እንግዳ መጣ? ሸጋ» አሉ ማጭዳቸውን ሳያስቀምጡ። «መነሳት ስለማልችል እናንተው ቁጭ በሉና ሰላም በሉኝ።»

ገብሱ መሀል ተቀምጠን ተሳሳምን። ትዕግሥት ብዙ አልታገሠችም፤ ምነው ሰው ቢጠሩ ብላ ጀመረች። እዚያ አገር አዝመራ የሚነሳው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ማሳዬን ታጭድልኛለህ፣ ነገ እኔ ማሳህ ላይ እገኛለሁ። ጉልበት በጉልበት ይመለሳል።

«ወንፈል ጠርቼ በማን እግር ልመልስ?» አሏት። ነገሩ አለቀ።

መንደሩ ሁሉ ግትር ናቸው ይላቸዋል። እኔ ብዙ ሰው የተስማማበት ነገር ስለማይዋጥልኝ ወዲያው ከአያ ቢያድግልኝ ጋር ወገንሁ። ይህ ገብሱን ምንም አልጠቀመውም።

አራተኛው ቀን

የአያ ቢያድግልኝ ሚስት እመት እንጉዳይ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስድሳውን ያለፉ ሴት። በማለዳ እንስራ አዝለው ሽቅብ ሲወጡ፣ ባዶ እጄን የምከተላቸው እኔ ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ። የጓዳቸውን ነገር እየጠየቅሁ ስከተላቸው የዓመቱን ቀለብ በየወሩ ቆጥረው ነገሩኝ። በሐምሌና በነሐሴ ጎታው ሲጎድል ሳማ ይለቀማል፤ ይቀቀላል፣ በዱቄት ይላቆጣል። በመስከረም ቶሎ የሚደርሰው ገብስ ተጠብሶ የሚበላ እሸት ይሰጣል፣ የባቄላው እሸት ይከተላል። በበጋ ነጭ ሽንኩርትና ድንች በወንዝ ውኃ ይለማል፤ ከቁጥቋጦው ቀጋ ይለቀማል። ሁሉም ግን በመካከሉ ያለውን ገብስ ታዛ አድርጎ የሚያርፍ ነው። ገብሱ ከሌለ ሳማውም ዱቄት የለውም።

ዘንድሮ ጎታው ስላልሞላ ሳማው ኅዳርም ላይ አልቀረም፤ ምሳ ላይ በላሁ። እኔን ልጅ ሆኜ ያቃጠለኝ ቅጠል መሆኑን አስታውሼ በቂም ነበር የጀመርሁት፤ በምስጋና ጨረስሁ። ከተማ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ ቅጠል በሳህን ዙሪያ በትኖ ለሚያቀርብ ምግብ ቤት ሁሉ እመክረዋለሁ፤ እንደማይሰሙኝ እያወቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ከወደ ደባርቅ ደመና ተነሳ። በኅዳር የሚመጣ ደመና በዚያ አገር የሌባ ያህል ይታያል። መንደሩ በሙሉ ማሳ ላይ ወጣ፤ ጩኸትና ሩጫ ሆነ። የሚጣደፉት ለደመናው ብቻ አልነበረም። በማግስቱ አቦ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ቁስቋም። ሁለት በዓል ተከታትሎ መጣ ማለት ሁለት ቀን ማጭድ አይነሳም ማለት ነው። የሚያነሳ ሰው ካለ በረዶ የሚጠራው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለአጥቢያው ሁሉ ነውና ጎረቤቱ አያስነሳውም። በልማት ስም ሪፖርት የሚጽፉ ሰዎች ይህን በዓል ማብዛት ሲወቅሱት ኖረዋል። እኔ በበኩሌ ዓመቱን ሙሉ በዓል የሌለው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አይቻለሁ፤ ጎተራው ሲሞላ ግን አላየሁም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሁሉም የራሱን ከምሮ ጨርሷል። የቀረው የአያ ቢያድግልኝ ማሳ ብቻ ነው። የአጎራባቹ ማሳ ባለቤት ጌጡ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ጠንካራ ሰው፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መጣ።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ብርሃን ሳለ ከወንድሞቼ ጋር እንግባበት» አለ።

«መቼ ነው የምመልስልህ?»

«መቼስ መቼ። ባይመለስስ?»

«ባይመለስማ ምጽዋት ነው» አሉ አያ ቢያድግልኝ። «ምጽዋት የሚሰጠው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። እዚያ ተቀምጬ ካየኸኝ ስጠኝ።»

ጌጡ ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ እኛ አየ፣ ሄደ። አያ ቢያድግልኝ እስኪጨልም ድረስ አጎዛቸውን በስንዝር በስንዝር ጎተቱ። ከዚያ እኔና ትዕግሥት በሁለት በኩል ይዘን አስገባናቸው። በዚያ ሌሊት ማንም ስለ ገብስ አላወራም። የኔ ወገንተኝነትም ቀዝቅዞ ነበር። የሰውን ኩራት ከሩቅ ማድነቅ ደስ ይላል፤ ቤቱ አድረህ ጎታውን ስታየው ግን ይለያል።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ወደ አቦ ሄድን፤ አያ ቢያድግልኝ ቤት ቀሩ። ደመናው አድሮ ወፍሯል። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ሲቀመጥ፣ የሚወራው ሁሉ ስለ ሰማዩ ነበር። ጌጡ ተነስቶ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ወደ ሆኑት ወደ ቄሰ ገበዙ ቀረበና፣ የአያ ቢያድግልኝን ገብስ ዛሬ ቢያነሱት አቡዬ ይቀየሙ እንደ ሆነ ጠየቀ።

ቄሰ ገበዙ ጭራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «ለራሱ ማጭድ ያነሳን ይቀየሙታል» አሉ። «ለደካማ ላነሳ አይቀየሙም። አባቶቻችን ለመበለት፣ ለታማሚ፣ ለአራስ በበዓል ያጭዱ ነበር። ግን ደካማው ራሱ አፍ አውጥቶ ደክሜያለሁ፣ ድረሱልኝ ማለት አለበት። ያለዚያማ ሁሉም ጎረቤቱን ደካማ እያለ በበዓል ሲያጭድ ሊውል ነው።»

ሰዉ አንገቱን ደፋ። አያ ቢያድግልኝ ያንን ቃል ከሚሉ ገብሱ ቢረግፍ እንደሚመርጡ የማያውቅ በዚያ ግቢ አልነበረም። ትዕግሥት ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች።

እመት እንጉዳይ ከጎናችን ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከሴቶቹ መሀል ወጡና ሰዉ ፊት ቆሙ።

«ደክሜያለሁ» አሉ። «ድረሱልኝ።»

ቄሰ ገበዙ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «አንቺ?»

«ምነው አባ፣ አልመስልም?»

«ማሳው የባልሽ አይደል?»

«የሁለታችን ነው። እኩሌታው የእኔ ነው። የእሱን አልጠየቅሁም፤ የእኔን እኩሌታ እጨዱልኝ ነው የምለው።»

ጌጡ ፈገግታው አመለጠው። «የትኛው ነው የእርስዎ እኩሌታ፣ እመት?»

«ያልታጨደው» አሉ እመት እንጉዳይ።

ሳቁ ከወንዶቹ በኩል ተነስቶ ሴቶቹን ያዘ። ቄሰ ገበዙ በጭራቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲረጋጉ መስቀላቸውን አነሱ። «ሂዱ» አሉ። «አቡዬ ይቅደሟችሁ።»

የበዓል ልብሱን የለበሰ መንደር ማጭድ ይዞ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ነጠላ ወገብ ላይ ታሰረ። አያ ቢያድግልኝ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠው ነበርና ሰዉ ማሳው ዳር ሲደርስ ድምፃቸው ተሰማ።

«ማን ጠራችሁ? አቦ አይደለም እንዴ ዛሬ?»

«እርስዎን ማን ጠራዎት፣ አያ?» አለ ጌጡ። «እኛ የመጣነው ለእመት እንጉዳይ ነው። ደክሜያለሁ ብለዋል።»

አያ ቢያድግልኝ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እመት እንጉዳይ ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«ከመቼ ወዲህ?» አሉ ባል።

«ከዛሬ ጠዋት» አሉ ሚስት።

ማጭድ የያዘው ሰው ሁሉ እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል። አሁን እምቢ ቢሉ የሚከለክሉት የራሳቸውን ሳይሆን የሚስታቸውን ነው፤ ያን ደግሞ ማድረግ አይችሉም። አያ ቢያድግልኝ የታሰረ እግራቸውን አዩ፣ ደመናውን አዩ። ከዚያ ፊታቸው ላይ፣ መጀመሪያ ያልገባኝ፣ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ፈካ።

«ለደካማ ከሆነማ» አሉ፣ «እኔስ ምን አስቀመጠኝ? አንሱኝ።»

ከነበርጩማቸው ተሸክመው ወሰዷቸው። በመንደሩ ክምር አሳምሮ የሚያቆም እጅ የእሳቸው መሆኑን ስለሚያውቁ ማሳው ላይ ሳይሆን አውድማው ዳር፣ ክምሩ የሚቆምበት መደብ ላይ፣ አጎዛቸውን አንጥፈው አስቀመጧቸው። አጫጁ ያጭዳል፣ ሴቶች ነዶ ያስራሉ፣ ወጣቶች ይሸከማሉ። አያ ቢያድግልኝ ነዶውን እየተቀበሉ ዛላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ እያደረጉ ዙሪያቸውን ይደረድራሉ። ዙሪያው ሲሞላ ከነአጎዛቸው ከፍ አድርገው ያስቀምጧቸዋል፤ እንደገና ይደረድራሉ። ክምሩ ከሥራቸው እያደገ ሽማግሌውን ወደ ሰማይ ይዟቸው ወጣ።

እኔም ነዶ አስሬአለሁ። ያሰርሁት ነዶ በእጅ ወደ እጅ አልፎ ከላይ ሲደርስ ተፈትቶ በሰዉ ራስ ላይ ተበተነ። «ይኸን ያሰረችው እንግዳዋ ናት?» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ሴቶቹ እስኪጠግቡ ሳቁብኝና ከማሰር ወደ መልቀም አወረዱኝ። የወደቀ ዛላ መልቀም ለተማረ ሰው የሚመጥን ሥራ ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

የመጨረሻዎቹ ነዶዎች ሲወረወሩ ጠብታው ጀመረ፤ ትልልቅ፣ ቀዝቃዛ። ማሳው ባዶ ነው፤ ክምሩ ግን ጫፉ ገና አልተከደነም። ሰዉ ከታች ይውረዱ ይላል። አያ ቢያድግልኝ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ተቀምጠው ሣር ይጠይቃሉ። ሣሩ ወጣላቸው፤ ጫፉ ላይ እንደ ቆብ ደፉት፣ በገመድ ወጠሩት፣ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱት። ከዚያ ብቻ ወደ ታች አዩ። ስድስት ሰዎች አንድ ወፍራም ጋቢ ዘርግተው ያዙ፣ እሳቸውም የታሰረውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው በክምሩ ጎን ተንሸራተቱ። ወጌሻው ቢያይ ኖሮ ሥራውን ይተው ነበር።

በረዶው የወረደው እኛ በሩን ሳንሻገር ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መደማመጥ አልቻልንም። የቻለው ሁሉ ቤት ውስጥ ታጭቆ በበሩ ወደ ውጭ ያያል። ውኃው በክምሩ ጎን እየተንኳለለ ወደ መሬት ይፈሳል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። የታጨደው ማሳ በበረዶ ነጭ ሆነ። በረዶው እዚያ የሚመታው አንድም ዛላ አላገኘም።

ባቄላ ንፍሮ መጣ፣ ቆሎ መጣ። እመት እንጉዳይ ጠላ ይቀዱ ጀመር። ለቄሰ ገበዙ፣ ለጌጡና ለወንድሞቹ፣ ለነዶ አሳሪዎቹ፣ ነዶ በታኝ ለሆንሁት ለእኔም ሳይቀር። እንደ ደንቡ አባወራው የሚጠጣው በመጨረሻ ነው። አያ ቢያድግልኝ ግን ዋንጫቸውን ከሠራተኞቹ ጋር እኩል ዘርግተው ጠበቁ፤ እመት እንጉዳይም ከሠራተኞቹ ጋር እኩል ቀዱላቸው።

ሠራተኛ ከጠጣ በኋላ ባለ ማሳውን ይመርቃል። ምርቃቱን ማን ይጀምር ሲባል ሰዉ ሁሉ ወደ አያ ቢያድግልኝ ዞረ፤ ቀኑን ሙሉ ከሁሉም በላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸውና። ግድግዳ ተደግፈው በአንድ እግራቸው ቆሙ። ሚስታቸውን እንደ ማንኛውም ባለ ማሳ እያዩ፣ ያለ ቀልድ፣ በሙሉ ድምፃቸው መረቁ።

«እመት፣ ጎተራሽ ይሙላ። ዘርሽ ይባረክ። እንዲህ እንደ ሰበሰብሽን እግዜር ይሰብስብሽ።»

«አሜን» አለ ቤቱ።

«አሜን» አሉ እመት እንጉዳይ። «አንተም እጅህ ሸጋ ነው፤ ለከርሞም እጠራሃለሁ።»